የሠርጋችን ዓመት ጠርሙስ

ጥቅምት 12
ዝናብ። ቫሊር ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ገፋው። «ሙቅ ውሃ ነው» አለኝ። የኔ ሾርባ ሙቅ ውሃ ሆኖ አያውቅም! የካንሰሩ የጨረር ሕክምና ጉሮሮውን ብቻ አይደለም የጎዳው፣ ምላሱንም ይዞበት ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ በቢራ ጠመቃ ቤቱ የትኛው በርሜል ከየትኛው እንደሚደባለቅ በምላሱ የወሰነ ሰው... አሁን ጨውና ስኳር አይለይም። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

ጥቅምት 15
ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አነጋገረኝ። «ለፋሲካ ይደርሳል?» አልኩት። ጫማውን አየ።
አርባኛ ዓመታችን ግንቦት ላይ ነው። ለዚያ ቀን ያስቀመጣት ጠርሙስ ምድር ቤት ተጋድማለች። በተጋባንበት ዓመት አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዲደባልቅ የፈቀደለት ጥቁር ቢራ። ከዚያ ሁሉ የቀረችው ያቺ አንዲት ናት። «አርጅታ ካማረባት ሥራዬን አውቅ ነበር ማለት ነው» ይላል ሁልጊዜ። ካላማረባትስ? ጠይቄው አላውቅም።

ጥቅምት 17
«እሑድ እንክፈታት» አልኩት።
«ቀኗ መች ደረሰና?»
«ቫሊር...»
ፊቴን አየ። ከዚያ፣ «እንደዚያ ነው እንዴ ነገሩ?»
እጄን ያዘኝ። «እሺ። ግን ኖርበርትም ይምጣ። እናንተ ትቀምሳላችሁ፣ እኔ እሰማለሁ። እውነቱን ነው ታዲያ፣ ሊቬ። ብርጭቆ ላይ አይዋሽም።»
ብርጭቆ ላይ አይዋሽም... የዚህ መንደር ሕግ ነው። ከማንም በላይ ያጠበቀው ደግሞ እሱ ራሱ። የዕድሜ ልክ ጓደኛው የኖርበርት ልጅ ስትዳር አባትየው በተወለደችበት ዓመት ያስቀመጠውን ቢራ በኩራት ከፈተ። ቫሊር ቀመሰና ሙሽራዋ ፊት፣ «ለሰላጣ ይሆናል» አለ፤ ኮምጣጤ ሆኗል ማለቱ ነው። ሁለት ዓመት ተኳረፉ። እስከ ዛሬ ኖርበርት፣ «አንድ ቀን አገኝሃለሁ!» ይለዋል። እየሳቀ ነው። ግን ይለዋል።

ጥቅምት 18
ጠርሙሷን አወጣኋት። አተላው ወደ ታች እንዲዘቅጥ አቁሜያታለሁ። አቧራዋን አልጠረግኩም፣ እንዳለች ሊያያት ፈልጎ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 20
ኖርበርት አይብና ሰናፍጭ ይዞ መጣ። ገና ከበሩ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ እጄ ገባህ!» ቫሊር ሳቀ፣ ሳሉ አጣደፈው።
ቡሹ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ጋዟ አልቋል ማለት ነው። አተላውን ሳልረብሽ ቀስ አድርጌ ቀዳሁ። አረፋ የሚባል የለም። አሸተትኩት... እርጥብ ካርቶን። ቀመስኩት። ኮምጣጤ። ከዚያ ወዲያ ምንም፣ ምንም የለም።
ቫሊር ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። «እህሳ?»
«ዘቢብ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ዘቢብ... የተቃጠለ ስኳር... ከኋላ ደግሞ የበርሜሉ እንጨት ይመጣል።»
«ኮምጣጣነቱስ?»
«አለ። ግን ለስለስ ያለ ነው።»
«ኖርበርት፣ አንተስ?»
ኖርበርት ተጎነጨ። ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቃት ቃል አፉ ላይ ናት። ለሰላጣ ይሆናል ቢል ማን ይፈርድበታል? በዓይኔ ለመንኩት።
ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንተ የተረገምክ» አለው። «እኔ ልበቀልህ መጥቼ... እንዲህ ያለ በዕድሜዬ አልጠጣሁም።» እንባው ወረደ። ቫሊር ዓይኑን ገልጦ ፈገግ አለ።
«በሉ ጨርሷት፣ ለማን ትቀመጣለች?»
ጨረስናት። እያመሰገንን፣ ሆዳችን እየተቃጠለ። ኖርበርትን እስከ በር ሸኘሁት።

ጥቅምት 23
ቫሊር ለነርሷ ሲያወራላት ሰማሁ፤ «ሚስቴ እኮ ዘቢብ አገኘችበት!» ደስ አለኝ? አፈርኩ? እኔ እንጃ፣ ሁለቱም።

ኅዳር 2
ቫሊር ዐረፈ። ጠዋት። እጁ እጄ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 6
ቀበርነው። ከቀብር መልስ ቡና፣ ዳቦ በአሳማ ሥጋ፣ ጫጫታ። ሰው ሁሉ ስለዚያች ጠርሙስ ይጠይቀኛል። «እውነት እንደዚያ ጥሩ ነበረች?» ነበረች እላለሁ። ውሸት እየለመደብኝ ነው።

ኅዳር 19
ኖርበርት መጣ። ኮፍያውን እያሻሸ ብዙ ቆየ። «ሊቬ፣ ቫሊር እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። አልቻልኩም።»
እውነቱን ያወቀው ያን እሑድ እዚያው ተቀምጦ ነው ለካ። «አንቺ መድኃኒት ቤት የሄድሽ ጊዜ ነገረኝ» አለ ኖርበርት። «ጥሩ አሮጌ ቢራ አንድ ጉንጭ ይዘህ ስታወራ ትቆያለህ። እናንተ ግን እንደ ኮሶ ነው የጨለጣችኋት» ብሎታል።
ሰው ሲጠጣ ሲያይ የኖረ ሰው! እንዴት ረሳነው? ቃላት ስንመርጥ አጠጣጣችንን መደበቅ አቅቶን...
«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»
«እኔም ጠየቅኩት። 'ሊቬ ዘቢብ ስትል ሰማሃት? አንድም ቀን ዋሽታኝ የማታውቅ ሴት። ተዋት፣ ደስ ይበላት' አለኝ።»
ኖርበርት ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያ ሥራው ከንቱ መሆኑን አውቆ ነው የሄደው። ብቻውን ይዞት። እኔን ሊያስደስት ደግሞ ሲስቅ ሰነበተ። የማጽናናው እኔ መስሎኝ፣ ለካ እሱ ነበር የሚያጽናናኝ። 
ወንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጮክ ብዬ ነገርኩት። «ኮምጣጤ ነበር፣ ቫሊር። የለየለት ኮምጣጤ። ግን የደባለቅከው አንተ ነህ። ጨርሼዋለሁ፣ ድጋሚ ብትቀዳልኝም እጨርሰዋለሁ።»