ያልታጠቡ ጓንቶች

ይድረስ ለልጄ። እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ከቤቱ ጭርታ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ መሥሪያ ቤትህ የላክህልኝን መጽሔት ደጋግሜ አነበብኩት። ኃይል ለማመንጨት እንደ ፀሐይ የጋለውን ጋዝ የምትከቡበት ግድግዳ ሊቲየም የሚባል ቀልጦ የሚፈስ ብረት ነው አሉ። ያመለጠውን ጋዝ ስለሚውጠው፣ ቀዝቅዞ ተመልሶ እሳቱን አያበርደውም። ለጎረቤቴ ባወራላት «ግድግዳው ከቀለጠ ጣሪያውን ማን ሊሸከመው ነው?» ብላ አሳቀችኝ።

ሊቲየም ውሃ ሲነካው እንደሚነድም አነበብኩ። እዚያ ዝናብ ይበዛል?

የሥራ ጓንት ልኬልሃለሁ። አባትህ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ብረት ማቅለጫው ሲሄድ ያጠብኩለት ጓንት ገና አልደረቀም ነበር፤ የቀለጠ ብረት እርጥበት ሲነካው እንደሚፈነዳ ያን ቀን አወቅኩ። እነዚህን አላጠብኳቸውም። አዲስ ቢሆኑም ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሁለት ጥንድ ናቸው፤ ላብ ከነካቸው ቀይር።

ሲደርሱህ በስልክ አይሁን፤ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። እስከዚያው ዓይኔ ከበሩ አይነቀልም።

እናትህ