አትክልታችንን ከእኛ ስለጠበቀው አጥር

ለተከበሩ የከተማችን የአረንጓዴ ልማትና የነዋሪዎች ተሳትፎ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት ነው? እኛ ከአጥር ውጭ ቆመን ከሚመታን ፀሐይ በቀር ደህና ነን።

ከሕንፃችን ጀርባ የነበረውን የቆሻሻ ክምር እኛ ነዋሪዎቹ ጠርገን አትክልት ስናለማ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ችግኝና የውሃ ቧንቧ ስለሰጠን እናመሰግናለን፤ ይህ ከልብ ነው። የቀሩትን ምስጋናዎች ግን እንደሚገባዎት አድርገው ይቀበሉልን።

፩. ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ቢሠራ እንደምንወድ ሊጠይቁን ስብሰባ ስለጠሩን እናመሰግናለን። ነገሩ ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት የተስማማንበት ሐሳብ በቲሸርት ታትሞ ታደለን።

፪. አትክልቱ እስከ ምረቃው ቀን እንዳይበላሽ ዙሪያውን በሽቦ ስላጠሩልን፣ በሩን ስለቆለፉልንና ዘበኛ ስላቆሙልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዘበኛው ጨዋ ሰው ነው፤ ባልዲዬን ይዤ እንዲያስገባኝ ብለምነው አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ይኼ እኮ ለእናንተው ተብሎ ነው» አለኝ። ለእኛ ተብሎ የተሠራ ነገር ሲያስደነግጠኝ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

፫. ምረቃው ለክቡር እንግዳው አልተመቸም እየተባለ በተራዘመ ቁጥር ቆስጣው ጠወለገ፣ ቲማቲሙም ይደርቅ ጀመር። ጎረቤቴ የመንትዮቹ እናት ልጆቿን የምታበላው ከዚያች መደብ ነው። ሽቦውን ይዛ እራታቸው ሲደርቅ ስታይ ባየኋት ጊዜ ደሜ ፈላ፤ በትሕትና ልጽፍልዎ ብቀመጥም ይህን አልደብቅዎትም።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ምድር ቤት የሚሠራው በያጅ አጥሩን ቆረጠው፤ ሽቦውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዘበኛው ለአለቆቹ ደጋግሞ ደወለ፤ የሚያነሳለት ቢያጣ ባልዲ ተቀበለን። አትክልቱን አጠጣን፣ ነገም እናጠጣለን። መልሳችሁ ብታጥሩት መልሰን እንቆርጠዋለን። ጥፋተኛ የሚፈለግ ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ፣ የስፌት መኪና ድምፅ የሚሰማበትን በር ያንኳኩ።

እርስዎ ለነዋሪው ተሳትፎ ካለዎት ፍቅር በማያንስና በማይበልጥ አክብሮት፣

ሳይፈቀድላት የተሳተፈችው
የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሪባን ሊቆርጡ ሲመጡ መቀስ በመያዝ እንዳይቸገሩ። መቁረጫ እኛ ጋ አለ።