የተፈታው ቬሎና የእግር ውኃው

ሞላሌ፣ ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017

ለመጪው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ፦ ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የሙሽራ ልብስ ሻጭ ሆኜ ዋልኩ።

በርኖሴን ደርቤ የልጅ ልጄ የጽጌ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እሞቅ ነበር። በኮሮናው ጊዜ ሠርግ ሲቆም፣ ከቬሎ ገበር የአፍ መሸፈኛ እየሰፋች ነው ሱቁን ያቆየችው። ዘንድሮ ደግሞ የተለበሰ ቬሎ ፈትታ በሌላ ልክ መስፋት ጀምራለች። «አንድ ቀን ተለብሶ ሣጥን ውስጥ መበስበሱ ግፍ ነው» ትላለች።

የመጀመሪያው ዛሬ ተለካ። ለሙሽራዪቱ ልክክ አለላት። የእናቷ ፊት ግን ጠቆረ።

«ሌላ የተዳረችበትን? ገደ ቢስ ሆና ቢሆንስ?»

ጽጌ ዞራ አየችኝ። ይህ ከተመለሰ ሁለተኛ የሚጠይቃት የለም።

«ልጄ፣ ያችማ የወንድሜ ልጅ ናት» አልኳት እናትየዋን። «ወደ ራቤል አገር ተድራ መንታ ወለደች። ባሏም እስከ ዛሬ ማታ ማታ እግሯን ያጥባታል።»

እናትየዋ አማተበች። ሙሽራዪቱ ግን ሳቀችና፣ «እማዬ፣ እኔ ይሄንኑ ነው የምለብሰው» አለች። ይዘውት ሄዱ።

«አባባ፣ እውነት ነው?» አለችኝ ጽጌ።

«ሽማግሌ ይዋሻል እንዴ?»

መንታዎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። የእግር እጥበቱን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ሙሽራዪቱም የወሰነችው እሱን ስትሰማ ነው። የሚያገባትን እግዜር ይርዳው።