በትልቁ ነው የሄድነው በያት

ይድረስ ለእናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የዓይንሽ ጠብታስ አላለቀብሽም? ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንደምን ከረመ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ተመስገን ነው። ጽሕፈቴ አላማረም፤ እንደምታውቂው ደብዳቤ የሚጽፍልሽና መጨረሻው ላይ «ልጆችሽ» ብሎ የሚፈርመው በፍቃዱ ነው። ዛሬ የእኔን ቻይው። ይህን ይዘውልሽ የመጡት እንግዶች አጠገብሽ ይቀመጡ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ይጠብቁሻል። ከእነሱ አንዷ ትብለጥ ናት፤ ከታኮማ ፓርክ እየተመላለሰች ወንድሜን ስትጠይቅልኝ የከረመች ጓደኛዬ።

ስለ እሱ ልንገርሽ። ጉበቱን እንዳመመው ታውቂያለሽ። ከአሌክሳንድሪያ ቤቱን ለቆ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ዘንድ የገባውም ለዚሁ ነው። በፍቃዱ ብለሽ ስም ስታወጪለት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ማለትሽ ነበር፤ እሱ ግን የራሱ ፈቃድ መስሎት አደገ። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ ያሉት ጊዜ ምን እንዳማረው ጠየቅሁት። ሌላ ሰው ገንፎ ይላል፤ እሱ ዓሣ ነባሪ ማየት አለኝ። ያንን የዮናሱን፣ አንቺ አንበሪ የምትዪውን። ቱሪስት ሲያመላልስ በነበረበት ጊዜ አንዱ ተሳፋሪ በብርዱ ወራት ወደ ቨርጂኒያ ባሕር እንደሚመጡ ነግሮት ኖሯል። እሱን ሳላይማ የትም አልሄድም አለ።

ጣጣው የጀልባው ምርጫ ላይ መጣ። ትልቁ ፎቅ አለው፣ ማሞቂያና መጸዳጃ አለው፣ ማዕበልም ብዙ አያናውጠውም። ትንሿ ጣሪያ እንኳ የላትም። ጥቂት ሰው ይዛ ማዕበሉ ላይ ትዘላለች፣ ውሃውም ይረጫል፤ ግን ዓሣው አጠገብ ዝቅ ብላ ትቆማለች። የጀልባዎቹ ቢሮ ብደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት ለታመመ ሰው ትልቁ ይሻላል አለችኝ፣ እኔም ወሰንኩ። እሱ አኮረፈ። ከትልቁ ላይ ማየት በመስኮት እንደማየት ነው፣ በመስኮት ማየትማ ሆስፒታል ተኝቼ ጠገብኩ አለኝ። ትንሿ ብትገለበጥስ ብለው፣ ዮናስስ የተሳፈረው በትልቅ መርከብ አልነበር፣ ምን ጠቀመው አለኝ። ዲያቆን ይሆናል ያልሽው ልጅ መጽሐፍ የሚጠቅሰው ክርክር ሲገጥም ብቻ ነው።

የትልቁን ትኬት ቆርጬ ተነሣን። ጋቢና አስተኝቼው ስንሄድ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ፤ ለካ ጾመ ነነዌ ገብቷል! ደንግጬ ልመለስ ብዬ ዳር ያዝኩ። እሱ ይስቃል። የተከለከለው ዓሣ መብላት እንጂ ማየት አይደለም፣ ደግሞ በነነዌ ጾም ያልታየ መቼ ሊታይ ነው አለኝ። ቀኑን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ወደቡ ስንደርስ ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው ቆመዋል። ሰዉ ወደ ትልቁ ሲገባ እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። እታለም፣ ሩቅ ሆኜ ማየት ሰለቸኝ አለኝ። በቁጣ ቢለኝ ኖሮ እምቢ እለው ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው ያለኝ። ትኬቱን አስለወጥኩ። የትንሿ ጀልባ ነጂ ሁኔታውን አይቶ፣ ብዙ የማይነጥረው ከኋላ ነው ብሎ እዚያ አስቀመጠን። ከጀርባው ሆኜ በሁለት እጄ አቀፍኩት። እማዬ፣ በዚያ ሁሉ ካፖርት ላይ አጥንቱ ይሰማኝ ነበር።

ብዙ ጠበቅን። ከዚያ አጠገባችን ውሃው ተነሣ፤ ጥቁር ጀርባ፣ የማያልቅ ጀርባ። እፍ አለብን። ትንፋሹ የከረመ ዓሣ ይሸታል፣ ፊታችንንም አራሰው። በፍቃዱ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሰጠው። ጠበል ነው፣ ጠበል፣ ድገመኝ አባቴ እያለ በአማርኛ ጮኸበት፤ ፈረንጆቹ ሳይገባቸው አብረውት ሳቁ። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ስንመለስ ትከሻዬን ተንተርሶ ተኛ። ዓይኑን ከመክደኑ በፊት፣ እማዬ ከጠየቀችሽ በትልቁ ነው የሄድነው በያት፣ አለዚያ ትቆጣናለች አለኝ።

አልልሽም። በትንሿ ነው የሄድነው። ሰሞኑን ስትደውዪ ተኝቷል እያልኩ የዋሸሁሽ ይበቃኛል።

አሁን ቀና በዪ፣ እናቴ። ከትብለጥ ጋር የመጡት አጎቴ ሠረቀብርሃንና የነፍስ አባትሽ ናቸው። እንዲህ በማለዳ ምን አመጣቸው ብለሽ ይሆናል። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አንድ ቃል እንዳይናገሩሽ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ከእነሱ ቃል በፊት እሱ ባሕር ላይ ሲስቅ እንድታዪው ፈልጌ ነው።

ብርታቱን ይስጥሽ። የልጇን ነገር ቆማ ያየች እመቤት ከአጠገብሽ አትለይ። ያን የሚያምር እጅህን ይባርክልኝ እያልሽ ደብዳቤዎቹን የምትስሚውን ነገር አትተዪው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን አውጥተሽ ሳሚልኝ።

ልጅሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ