የግራው እጅጌ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
አሰላ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ሳልጠይቅሽ አንድ ነገር ላደርግ ነው። ከሰላምታው በፊት እሱን ልናገር ብዬ እስክሪብቶ ካነሳሁ ቆየሁ፤ ግን ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ እንደ ወጉ ሰላምታውን ላስቀድም።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የድሬዳዋ ሙቀት ለቁርጥማት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ከሆነ ከእኛ ብርድ ትንሽ አርፈሻል። አራሷ እህቴስ እንዴት ናት? ሕፃኑ ጡት በደንብ ያዘ? ይህን የምታነብልሽ እሷ ስለሆነች፣ ዘመናይዬ፣ ጾም ገባ ብላ እማዬ ከገንፎሽ ላይ ቅቤ ብትቀንስብሽ ዝም እንዳትያት።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ከየገጠሩ ገብስ እየገባ ስለሆነ ጋሪያቸው ሥራ አጥቶ አያውቅም። ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው። አባባ «ጨው ተወደደ እንዴ?» ይላሉ፤ ግን ሳህኑን ባዶ አድርገው ነው የሚመልሱልኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን ቃል ይጠፋኛል። አንቺ «ሃሎ፣ ማሂ፣ ይሰማል?» ስትዪ እኔ «ደህና ነኝ» ብቻ ብዬ እዘጋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ አብዶ ዕቃ ሊያመጣ ነገ ማለዳ ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ እልከዋለሁ። ሲደርስሽ ነገሩ አልፎ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል። ሥራው ፋይል ማውጣትና ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይበቃል ይላል። ለእኔ ትምህርት የሚመጥን ማስታወቂያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከታች ደግሞ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» ይላል። ያችን መስመር አንብቤ እንዳላነበብኩ ሆንኩ።

ዛሬ ልመዘገብ ሄድኩ። የሚመዘግቡት ወይዘሮ ከዲጃ የሚባሉ ናቸው። ስሜን፣ ዕድሜዬን ጠየቁኝና፣ ሰውን ሁሉ እንደሚጠይቁት፣ ቀና ሳይሉ «አካል ጉዳት አለ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ድምፅሽ መጣብኝ። «ማሂ፣ ነጠላሽን።» ገበያ ውስጥ ሰው ሰላም ሊለን ሲመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ እንግዳ ሲገባ፣ ቀስ ብለሽ የምትዪኝ ነው። ሌላ ቃል አትጨምሪም። እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ ተጨብጠው ያልተፈቱትን የግራ እጄን ጣቶች ከነጠላው ሥር አስገባቸዋለሁ። ዛሬም አስገባኋቸውና «የለም» አልኩ። እሳቸውም የለም ብለው ጻፉ።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ወረቀቶቼን ወደ ፌስታሌ ልመልስ ብል ነፋሱ ያስቸግረኛል፤ በአንድ እጄና በጥርሴ እታገላለሁ። በሩ አጠገብ ስልክ የሚያነሳ ሚፍታ የሚባል ሠራተኛ አለ፤ በክራንች ነው የሚሄደው። ሲያየኝ ቆይቶ «አንቺ ልጅ፣ ኢንታላ፣ ከነጠላሽ ሥር ዳቦ ካለ አካፍዪና፤ ቁርስ አልበላሁም» አለኝ። መሬቱ ቢከፈት ጥሩ ነበር። ነጠላዬን ወደ ራሴ ስስብ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እጅሽ ነው?» አለኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «ታዲያ አስመዘገብሽው?» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ፌስታሌን መቋጠር ጀመርኩ።

እሱ ግን አልተቆጣኝም። ልጅ ሆኖ እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤተሰቦቹ ቀድመው ወንበር ላይ ያስቀምጡት እንደነበር ነገረኝ፤ ሲራመድ እንዳይታይ። እንግዳው ካልሄደ አይነሳም። «የጋብቻ ሽማግሌ የመጣ ቀንማ ሽንቴ ሊገድለኝ ነበር!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ አስረዳኝ። ውጤት ሲቀራረብ ለእኛ ቅድሚያ አለ፤ ፈተናው ላይም ወረቀት የሚይዝልኝ ሰውና ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ እችላለሁ። ምጽዋት እንዳይመስልሽ፣ ሕግ ነው አለኝ። ወደ ወይዘሮ ከዲጃ ገብቶም ጠየቀልኝ። ስለ እጄ የሐኪም ማስረጃ ከፈተናው በፊት ቢደርስ ይበቃል፣ ምዝገባው ግን ነገ ስለሚዘጋ ራሷ መጥታ ታስተካክል ብለዋል። ዛሬውኑ ተመልሼ ልገባ ግን አልደፈርኩም።

ስሄድ ከኋላዬ ጮክ ብሎ «ደግሞ ብትቀጠሪ ፋይሉን ማን ሊያወጣው ነው? ነጠላው?» አለኝ።

እማዬ፣ መንገዱን ሙሉ ይህን ሳስብ መጣሁ። እውነቱን ነው። ሥራውን ባገኝ እንኳ በየቀኑ ከነጠላ ሥር ሆኜ አልሠራውም። ፋይል በደረቴና በግራ ክንዴ አቅፌ በቀኜ መደርደር እችላለሁ፤ ቤት ውስጥ እንጨቱንም ሳህኑንም እንዲያ ነው የማነሳው። ያን ያያችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ።

እንዳትቀየሚኝ። ሹራቤን ስታሠሪልኝም ቀሚሴን ስታሰፊልኝም የግራውን እጅጌ ሁልጊዜ ታስረዝሚው ነበር። ልብስ ሰፊው «እትዬ፣ ልኩን ተሳስተው ነው?» ሲልሽ «አልተሳሳትኩም፤ ዝም ብለህ ስፋ» ያልሽው ትዝ ይለኛል። አፍረሽብኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሰው ዓይን እንዳያቆስለኝ ነው። ያ እጅጌ ብዙ ጊዜ አሙቆኛል። አሁን ግን ሥራ ላይ ይጠልፈኛል።

ማታ እራት ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። እንጀራቸውን በልተው ጨረሱ። እጃቸውን ሲታጠቡ «ነገ ገብሱን በዚያ በኩል ነው የማደርሰው፤ ትሳፈሪያለሽ» አሉ። በዚያ በኩል መንገዱ እንደሚረዝም አንቺም ታውቂያለሽ።

ለዘመናይ፣ ለባሏ ለበእውቀቱ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሕፃኑን ሁለቱንም መዳፎቹን ሳሚልኝ። አባባ ፈረሱ ሳይቀር ናፍቆሻል ብለሽ ጻፊ ብለውኛል፤ የናፈቁሽ ግን እሳቸው ናቸው።

ነገ ጠዋት ከአባባ ጋር በጋሪው እሄዳለሁ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ አደርጋለሁ፤ ለብርዱ ነው። ሰማያዊውን ሹራቤን ለብሼ የግራውን እጅጌ ከቀኙ እኩል እጠቀልለዋለሁ። ወይዘሮ ከዲጃ እንደ ዛሬው ቀና ሳይሉ ቢጠይቁኝ፣ ቀና እስኪሉ እጠብቅና «አለ» እላቸዋለሁ።

ልጅሽ ማሂ