የምሥራችን ከክፍል ያስወጣሁበት ወረቀት

አትላንታ፣ ኅዳር 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? ያ የጉሮሮ ሕመምሽ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። እኔም እዚሁ አጠገብ ኢስት ፖይንት፣ ያው ሆቴል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ እውላለሁ፤ ወገቤ ብቻ ነው የሚያማርረኝ።

የምጽፍልሽ ነገር ያሳፍረኛል። ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ዘንድሮ የዚህ ስቴት መንግሥት ሕግ አውጥቶ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ስለ ሰውነታቸው፣ ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ፣ ስለዚያ ስለ አዲሱ በሽታም ይማሩ ተባለ። የማይፈልግ ወላጅ ፈርሞ ልጁን ያስወጣል። የምሥራች ወረቀቱን ስታመጣልኝ ቁጭ እንኳ ሳልል ፈረምኩ። አሥራ አራት ሞልቷታል እኮ፣ ቁመቷ በልጦኛል። መፈረም ብቻ መሰለሽ? በማኅበራችን በዕድሜ ታላቋ እኔ አይደለሁ፤ ጽዋው እንደተቀመሰ፣ ልጆቻችንን ሊያባልጉብን ነው ብዬ አምስት እናቶች አስፈረምኩ። መረቁኝ።

ትምህርቱ ሲሰጥ የኛ ልጆች ላይብረሪ ይቀመጣሉ። ጓደኞቿ "ቤቢ" እያሉ አሾፉባት። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠብቃ ለምን እንዳስወጣኋት ጠየቀችኝ። በአገራችን ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አትሰማም አልኳት።

"ታዲያ ላንቺ ማን ነገረሽ እማዬ?" አለችኝ።

ማንም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ሆዴ ሲገፋ በሽታ መስሎኝ፣ ጠበል ውሰጂኝ ብዬ እማማን የለመንኩ ነኝ። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልተቆጣችኝም። እያለቀሰች ደብረ ሲና አክስታችን አፀደ ዘንድ ወሰደችኝ። አምስት ወር ከግቢ አልወጣሁም። ስንመለስ እማማ አንቺን አዝላ ከፊት፣ እኔ ጓዝ ተሸክሜ ከኋላ ነበርን። ለጎረቤት የተነገረውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ለየምሥራች ይህን መናገር አቃተኝ። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ትምህርት ቤቷ ሄድኩና ፊርማዬን አነሳሁ። ለማኅበሩም ነገርኳቸው። አበዛሽ፣ የአቶ ወንድሙ ሚስት፣ "ደግሞ ምን ልትሰማ ነው?" አለችኝ።

"እኔ ያልሰማሁትን" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ጽዋውን ሲያቀብሉኝ ዓይኔን አያዩኝም። ይሁን። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ የነሱ ልጆች በኔ ምክንያት ዛሬም ላይብረሪ ናቸው።

የምሥራች ግን ክፍሏ ገብታለች። አሁን እውነቱ ሳይነገርሽ የቀረሽው አንቺ ነሽ። እማማም ካረፈች ዓመት ሞላ። ልትጠይቂኝ የምትፈልጊው ካለ ጠይቂኝ፤ አልዋሽሽም።

እመቤቴ ከነልጆችሽ በጥላዋ ትከልልሽ። አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

እህትሽ ነኝ ስልሽ የኖርኩት