መዝጊያዬ ለቦዩ ክዳን ይሁን

አሥመራ፣ ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወለተሰንበት። ለአያትሽ ለእማማ ሠርካዲስ፣ ለእናትሽ ለድንቅነሽ፣ ለአጎትሽ ለጋሻው ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልደታ ጥላዋን ትዘርጋባችሁ። እኔ በመንገድ ሥራው ላይ በጤና አለሁ።

የጣልያን ካሚዮን በደጃችን ያለውን የፍሳሽ ቦይ ክዳን እንደ ሰበረው፣ እማማም ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ ሲወጡ እግራቸው ገብቶ ጎረቤት ጎትቶ እንዳወጣቸው ከጻፍሽልኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዓይናቸው አያይም፤ ክረምቱም እየገባ ነው። ቦዩ ሲሞላ ማን ይደርስላቸዋል?

ጋሻው የክፍሌን በር መዝጊያ ነቅሎ ቦዩን ሊከድንበት ቢነሣ፣ እማማ «መዝጊያው የሚነቀለው የሞተ ሰው ነው፤ የኔ ልጅ ይመጣል» ብለው ከልክለውታል ብለሽኛል። እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦

እማማ፣ አልሞትሁም። መዝጊያ በሌለው ክፍል መተኛት እችላለሁ፤ እርስዎ ወደሌሉበት ቤት መግባት ግን አልችልም። ጉልበትዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፣ ያስነቅሉት።

ጋሻው መዝጊያውን ቦዩ ላይ ጥሎ ዳርና ዳር በድንጋይ ያስይዘው። እስኪከደን ድረስ እማማን ብቻቸውን አታስወጧቸው።

ወለተሰንበት፣ እግዚአብሔር ያሳድግሽ። ቦዩ መከደኑን ጽፈሽ ይህን ባመጣው ሰው እጅ ዛሬውኑ መልሺልኝ።

አባትሽ ዓባይነህ